ሞተ የተባለው ላፕቶፕ

(አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት ይህን ላፕቶፕ ላብራው። እኔ ሳወራ እሱ ይነሳል።

ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም አንጎሉ፣ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 6ኛ ትውልድ ነው። ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ። ከእናንተ መካከል የእሱን ዓይነት የያዘ እንደሚኖር እርግጠኛ ነኝ። የላፕቶፑ ባለቤት የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት እናት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ውል ይጽፋሉ፣ ሲቪ ያስተካክላሉ፣ ኮፒ ያደርጋሉ። የሰፈሩ ሰው ጉዳይ ግማሹ በዚህ ኪቦርድ ላይ ነው ያለፈው። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የአንዳንዱ ቁልፍ ጽሑፍ ጠፍቷል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሬ ሞተ።»

«ማን አለዎት?»

«ራሱ ነዋ። ና እየው።»

ገብቼ አየሁት። ስክሪኑን ሙሉ የያዘ ማስታወቂያ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል፣ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ተሻገሩ ይላል። እንግሊዝኛውን ያነበበላቸው ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ተማሪ ነው። እሱም አጠር አድርጎ «እትዬ፣ ይሄ ነገር አልቆለታል» አላቸው። ከዚያ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰዱት። እዚያም «አዲስ ቢገዙ ይሻላል» ተባሉ። የአዲሱ ዋጋ ሲነገራቸው ዝም ብለው ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው ተመለሱ።

እስቲ የሆነውን ነገር በደንብ እንየው። ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ነው። ማይክሮሶፍት በነጻ ማደሱን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018። ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። ይነሳል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የሚቀርበት ነገር የደኅንነት ማሻሻያ ነው። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። ለግል ተጠቃሚዎች አንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም አለ፣ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያበቃል። ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ለምን አይሻገርም? ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል ደግሞ ጥቂት ሲቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር። የእትዬ 6ኛ ትውልድ ነው። በር ላይ ተመለሰ።

እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። የላፕቶፑን ሆድ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ጥጥ ነበር። በብሩሽ ጠረግኩት። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ፓስታ ደርቆ ነበር፣ ቀየርኩት። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገባሁለት። 8 ጊጋ ራም አለው። ማዘርቦርዱ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ደህና ነው። ባትሪው ብቻ ደክሟል። ታዲያ የሞተው ምኑ ነው? አንድም የሞተ ነገር የለም። አንድ ሰው፣ በጣም ሩቅ ቦታ ተቀምጦ፣ ከእንግዲህ አንነካውም አለ። እኛ ደግሞ ራሳችን እንዳንነካው ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ዝግ ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ይህን ነገር መቀበል ይከብደዋል። እዚያ በርሜል ምድጃ ይሆናል። ጎማ በረባሶ ይሆናል። ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል። የዚህ ከተማ ሰው ዕቃ ተበላሸ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከፍተህ አይተኸዋል?» ብሎ ነው። ሶፍትዌር ላይ ስንደርስ ግን ይህ ጥያቄ ይጠፋብናል። የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ፎርማት አድርገን ያንኑ የታሸገ ዕቃ መልሰን እንጭናለን።

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ነገር፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ የተጀመረው በዚችው በ«ከፍቼ ልየው» ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ፣ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ላቦራቶሪያቸው ያለው ፕሪንተር ወረቀት ይበላል። ፕሪንተሩ ሌላ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ሥራውን ልኮ፣ ቆይቶ ሄዶ ሲያይ ወረቀት ነክሶ ቆሟል። ለድሮው ፕሪንተር ስቶልማን ዘዴ ሠርቶለት ነበር። ኮዱን ቀይሮ፣ ፕሪንተሩ ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲደርሳቸው አደረገ። አዲሱ የዜሮክስ ፕሪንተር ሲመጣ ግን ኮዱ አብሮ አልመጣም። ኮዱ አለው የተባለ ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ሰውዬው ላለመስጠት ፈርሜያለሁ አለው። ስቶልማን ይህን ነገር አልረሳውም። እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1983 ግኑ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር የመሥራት ዕቅዱን ይፋ አደረገ። በእኛ መስከረም 16 ቀን 1976 ነው። ደመራ የበራበት ዕለት። ይህን ቆጥሬ ሳገኘው ደስ አለኝ።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1983፣ ሄልሲንኪ ውስጥ የ21 ዓመት ተማሪ የሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ አንድ መልእክት ለቀቀ። ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው፣ እንዲያው የትርፍ ጊዜ ነገር ነው፣ ትልቅ አይሆንም የሚል። እኛ አገር ግንቦት 20 ካለፈ ገና ሦስት ወር አልሞላም። እዚህ መንግሥት ተለውጦ ሰው ነገን በሚያስብበት ክረምት፣ እዚያ አንድ ልጅ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ሊኑክስን ይጽፋል። ዛሬ የዓለም ፈጣን 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት፤ ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እንደዚያው ነው። እናንተም ኪስ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጡ ያለው እሱ ነው።

ይኸው፣ ላፕቶፑ ተነሳ። ያየው አለ? ድሮ እትዬ አብርተውት ቡና ያፈሉ ነበር። አሁን ያለው ሊኑክስ ሚንት የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ነው።

ሚንት የመረጥኩት ለሰው ስለሚመች ነው። ከታች በግራ በኩል ሜኑ አለ፣ ፋይል በፎልደር ይቀመጣል፣ ዊንዶው የለመደ ዓይን አይደነግጥም። 2 ጊጋ ራም ካለ ይነሳል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። ይህ ስሪት እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ይታደሳል። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ሳይጫን መሞከር መቻሉን ነው። ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል፣ ዲስኩ አይነካም። እትዬን ያሳመንኳቸው በዚህ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በፍላሽ ሠሩ። ማታ ላይ «ይሄ ይግባልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በሌላ አገር ስለ ሊኑክስ ሲሰበክ መጀመሪያ የሚነገረው «ነጻ ነው፣ አይከፈልበትም» የሚለው ነው። እኛ ከተማ ይህ ወሬ ማንንም አያስገርምም። ዊንዶውም ከፍለን አናውቅም። ክራክ ነው፣ ቁልፉ የተሰበረ። ኦፊሱ ክራክ፣ ፎቶሾፑ ክራክ፣ አንቲቫይረሱ ራሱ ክራክ። ዋጋውን የምንከፍለው በሌላ መንገድ ነው። ክራክ ስንጭን ማን እንደሠራው የማናውቀውን ፕሮግራም «አንቲቫይረሱን አጥፉና አስገቡኝ» ሲለን እሺ ብለን እናስገባዋለን። በየጽሕፈት ቤቱ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፎልደሩ ሾርትከት ሆኖ የሚቀረው ወዶ አይደለም። ስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ሄዶ ቫይረስ ይዞ ተመልሷል።

ስለዚህ ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ልማዳችን ነው። ኢንተርኔት ውድ ስለሆነ፣ ዳታ ስለሚያልቅ፣ አንዱ ያወርዳል ሌላው ይገለብጣል። በዝግ ሶፍትዌር ዓለም ይህ ስርቆት ነው። በኦፕን ሶርስ ዓለም ግን ፈቃዱ ራሱ ቅዱ፣ አካፍሉ፣ ከፍታችሁ አስተካክሉ ይላል። እኛ ተሸማቀን የምናደርገው ነገር እዚያ ሕጉ ነው። አንድ ሰው 3 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል አንዴ ቢያወርድ ለመንደሩ በሙሉ ይበቃል፣ ማንም ሌባ አይባልም።

ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ ቪኤልሲን አስታውሰዋለሁ። ያቺ ብርቱካናማ የመንገድ ኮን። እዚህ ከተማ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የተጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 ፓሪስ አጠገብ በተማሪዎች ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢያቸው ኔትወርክ ላይ ቪዲዮ ለማየት ነበር። በ2001 ኮዷን ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ምን ዓይነት ፋይል አምጥታችሁባት እምቢ ብላችሁ ታውቃለች? ማስታወቂያ አሳይታችሁስ ታውቃለች? ሁላችንም ሳናውቀው ለዓመታት ኦፕን ሶርስ ስንጠቀም ኖረናል።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ። እትዬ ቤት ትልቁ ጣጣ እሱ ነበር።

ዲስካቸው ላይ የብዙ ዓመት ማመልከቻና ውል አለ። አንዱን ስከፍተው አንድም ፊደል አይነበብም። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ተደርድሯል። እትዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አጠፋኸው?» አሉኝ። አላጠፋሁትም። የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው። ድሮ ለአማርኛ በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቻችን ዘዴ ፈጠሩ። የላቲኑን ፊደል መልክ አንስተው በቦታው የእኛን ሳሉበት። ኮምፒውተሩ «ሰላም» የሚለውን የሚያውቀው እንደ ላቲን ምልክቶች ነው፣ ፎንቱ ብቻ ነው ለዓይናችን ሰላም የሚያስመስለው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጭምብሉ ይወልቃል። እያንዳንዱ ፎንት ደግሞ የራሱ አደራደር ነበረው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሄደ ደብዳቤ አይነበብም ነበር። ከእናንተ መካከል በዕድሜ ከፍ ያላችሁት ታስታውሱታላችሁ። እነዚያን ሰዎች አልወቅስም። ባይሠሩልን ኖሮ በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ ምንም አንጽፍም ነበር።

ነገሩ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጥ መስፈርት ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የግዕዝ ፊደል ገባ። ሀ 1200 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ለ 1208። ከሀ እስከ ለ ስምንት ወንበር አለ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በረድፉ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሀ በሞባይል ላይም ሀ ነው፣ ቶኪዮ ባለ ኮምፒውተር ላይም ሀ ነው። ዩኒኮድ ማንም ሊያነበውና ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት መስፈርት ነው። በላዩም ክፍት ፎንቶች መጡ። አቢሲኒካ አለ፣ ኖቶ አለ። የምትወዱትን መርጣችሁ ለጎረቤት ማስገልበጥ ትችላላችሁ። እትዬ ሚንት ላይ አማርኛ የሚጽፉት ፊደሉን በድምፁ እየመቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተነጫነጩ፤ እጃቸው የለመደው ሌላ አደራደር ነው። በሦስተኛው ቀን እያወሩ ይጽፉ ነበር። የድሮዎቹን ፋይሎች ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ዩኒኮድ እየቀየርናቸው ነው። ብዙ ይቀረናል።

የሚጽፉት ሊብሬኦፊስ በሚባል ክፍት የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። ሜኑውን ወደ አማርኛ ቀየርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት። «ማተሚያ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው «ማተሚያ ማለት ብርሃንና ሰላም ነው» አሉኝ። ማተሚያ ቤቱ እዚሁ አራት ኪሎ ነው፣ በእሱ አጠገብ ሲያልፉ ነው የኖሩት። «ደንበኛ መጥቶ ፕሪንት አድርጊልኝ እንጂ አትሚልኝ ብሎኝ አያውቅም።» ስቄ አላለፍኩትም። ይህን ቃል የመረጠው ሰው በፈቃደኝነት፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላትን ሲተረጉም አምሽቶ ይሆናል። ምስጋና ይገባዋል። እትዬም ደግሞ ትክክል ናቸው። ዋናው ነገር፣ የሊብሬኦፊስ ትርጉም የሚሠራው ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ ነው። ማንም ተመዝግቦ «ይህ ቃል ይቀየር» ብሎ ማቅረብ ይችላል። ቀን ከሌት በአማርኛ የሚጽፉ እናት ለቃሉ ከማን ያንሳሉ? ደብተር ሰጥቼያቸዋለሁ። የማይጥማቸውን ቃል ይጽፋሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስል ኦፕን ሶርስ እንከን የለበትም እያልኩ አይደለም። ልብ የሚያስደነግጥ ነገር የተፈጠረው በቅርቡ ነው።

ኤክስዚ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ፋይል አምቃ ታሳንሳለች። የሊኑክስ ቤተሰብ በሙሉ ይጠቀምባታል። የሚንከባከባት ግን ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነበር። ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። ሰውየው ደከመ። ሥራው የዘገየው የአእምሮ ጤና ችግር ስላለበት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2022 በግልጽ ጽፏል። በዚያው ሰሞን ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ «ረዳት» እየተጠጋ ነበር። ኮድ ያቀርባል፣ ትሑት ነው፣ ይታገሣል። እምነት ሲያካብት ቆይቶ የፕሮግራሟ ቁልፍ እጁ ገባ። ከመጣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በወጡት ሁለት ስሪቶች ውስጥ የኋላ በር ቀበረ። ብዙ ሰርቨሮች ውስጥ በስውር የሚያስገባ በር።

ማን ያዘው? ፀረ ቫይረስ አልያዘውም። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ፖስትግሬስ በተባለው ክፍት ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ሌላ ነገር እየለካ ሳለ ወደ ኮምፒውተሩ መግቢያው እንደዘገየ አስተዋለ። ድሮ 0.3 ሴኮንድ የሚፈጀው 0.8 ሆነ። ግማሽ ሴኮንድ! እኔና እናንተ ዓይናችንን ስናርገበግብ የምታልፍ ጊዜ ናት። እሱ ግን «ለምን?» አለ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ክሩን ተከትሎ ሥሩ ድረስ ወረደ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 20 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ የስቅለት ዕለት፣ ለዓለም ሁሉ አሳወቀ። የተመረዘው ስሪት በአብዛኛው ገና በሙከራ ላይ ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ጋ ነበር የደረሰው። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ዋናዎቹ ውስጥ ይገባ ነበር።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ላሴ ኮሊን ነው። ዓለም የተደገፈበትን ነገር ብቻውን ተሸክሞ፣ ደክሞኛል እያለ፣ ከኋላው «ቶሎ በል» የሚሉ እንጂ «ላግዝህ» የሚል እውነተኛ ሰው አላገኘም። ሊያግዝ የመጣው ሌባው ነው። በእኛ አገር እድር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ድንኳን አይተክልም። ክፍት ሶፍትዌር የሚጎድለው ይህ ነው፤ እኛ ደግሞ ለዘመናት ስንጠቀምበት የኖርነው ይህንኑ ነው። ለማገዝ ኮድ መጻፍ ግዴታ አይደለም። የተበላሸ ነገር ሲታይ በደንብ አስረድቶ ማሳወቅ ብቻውን ትልቅ እገዛ ነው።

አሁን ደግሞ ልታዘዛችሁ የማልችልባቸውን ነገሮች ልናገር። ሒሳብ የምትሠሩ ሰዎች ፒችትሪ ላይ ከሆናችሁ ሊኑክስ ጫኑ አልላችሁም። አውቶካድ የምትሠሩ አርክቴክቶችም፣ ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉም እንደዚያው። በዘዴ ለማስነሳት መሞከር ይቻላል፣ ግን እንጀራችሁን በሙከራ ላይ አታሳርፉ። የአንዳንድ ፕሪንተር ሾፌርም (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ፕሮግራም) ያስቸግራል። የእትዬ ፕሪንተር ገና ስሰካው ሠራ፣ ስካነሩ ግን ሁለት ማታ ወሰደብኝ። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ለሚማር ሰው ግን ይበቃል። ከበቂም በላይ ነው።

ወጣቶቹ ደግሞ ኮዲንግ ለመማር አዲስ ላፕቶፕ እስኪገዛላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አትጠብቁ። ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን አውርዱ። ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ ለመማር ይህ ላፕቶፕ ይተርፋል። ቢበላሽባችሁ እንኳ እንደገና ትጭኑታላችሁ፤ ያኔ ነው እንዴት እንደሚሠራ የሚገባችሁ። እኔም የተማርኩት እያበላሸሁ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ኋላ እናደርገዋለን። ፍላሽ የያዛችሁ አሁን ወደ ፊት ኑ፤ 8 ጊጋ ያላት ትበቃለች። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ስለሚጠፋ ባዶዋን ስጡኝ። ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ በፍላሹ ብቻ ሞክሩት። ለመጫን ከወሰናችሁ ፎቶዎቻችሁንና ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ገልብጣችሁም ከፍታችሁ እዩአቸው። ይህን ሳታደርጉ «ጫን» የሚለውን እንዳትነኩ።

ቶሎ ቶሎ ተሰለፉ። ላፕቶፑን 11 ሰዓት ላይ ለእትዬ መመለስ አለብኝ። የቤት ኪራይ ውል የሚያስጽፍ ሰው ቀጥረዋል።